የነፍስ አድን ውሾች ሰው የሚያገኙት እንዴት ነው? ክብሩስ የማን ነው?

የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማ ባፈረሰ ቁጥር ፍርስራሽ ላይ የቆመ ውሻ ፎቶ ዓለምን ይዞራል። አንዳንዶቹ ሜዳሊያ ይሸለማሉ፤ ለአንዳንዶቹም ሐውልት ይቆማል። በየዓመቱ የኤፕሪል ወር የመጨረሻ እሑድ ዓለም አቀፍ የነፍስ አድን ውሾች ቀን ሆኖ ይታሰባል። ሥራው ግን ብዙውን ጊዜ በግማሹ ነው የሚታወቀው። «ውሻው አሸተተ፣ ጮኸ፣ ሰው ወጣ» ይባልና ያልቃል። ከዚህ አባባል የቀረው የውሻው አሰልጣኝ ነው። ሽታውን የሚያገኘው ውሻው ነው። ሽታው ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ጥግ ሳይፈተሽ እንደቀረ፣ ቁፋሮው ከየት ቢጀመር እንደሚሻል የሚወስነው ግን አብሮት የመጣው ሰው ነው።

በዚህ ጽሑፍ አሰልጣኝ የምንለው ውሻውን አሰልጥኖ፣ አብሮት ኖሮ፣ ለግዳጅም ይዞት የሚወጣውን ሰው ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውሻው የሚያሸተው ምኑን ነው?

የሰው አካል ያለማቋረጥ ሽታ ይለቃል። ከቆዳችን ላይ በየደቂቃው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ በዓይን የማይታዩ የሞቱ ሕዋሳት ይረግፋሉ። ላብ፣ የቆዳ ቅባትና ባክቴሪያ አብረዋቸው አሉ። ትንፋሽ ሲጨመርበት ሁሉም ተደባልቆ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ራሱን የሳተ ሰውም ቢሆን፣ እስከተነፈሰ ድረስ ይህን ሽታ መልቀቁን አያቆምም። መጣራት ለማይችል ሰው ውሻ ትልቅ ተስፋ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በሰው አፍንጫ ውስጥ ያሉት ሽታ ተቀባይ ሕዋሳት ወደ 6 ሚሊዮን ይገመታሉ። የውሻው እንደ ዝርያው እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳል። የአፍንጫው አሠራርም ይለያል። ወደ ውስጥ የሳበው አየር ለሁለት ይከፈላል፤ ከፊሉ ወደ ሳንባ ሲሄድ ከፊሉ ወደ ማሽተቻው ክፍል ይገባል። አየሩን ሲያስወጣ ደግሞ በአፍንጫው ቀዳዳዎች ጎንና ጎን ባሉት ስንጥቆች በኩል ስለሚያስወጣው ከፊቱ ያለውን ሽታ አይበትነውም።

ነፋስ ባለበት ሜዳ ላይ ሽታው ከሰውየው አጠገብ ጠባብና ጠንካራ ነው፤ ከነፋሱ ጋር እየራቀ ሲሄድ ይሰፋል፣ ይሳሳልም። ስለዚህ ጥሩ አሰልጣኝ ፍለጋውን የሚጀምረው ነፋሱ ከሚሄድበት ጫፍ ነው። ውሻውን ነፋሱን አቋርጦ ወዲያና ወዲህ እያስኬደ ነፋሱ ወደሚመጣበት ይገፋል። ውሻው ሽታውን ሲነካ ይታጠፋል፣ ሲያጣው ይመለሳል፤ ምልልሱ እየጠበበ ሄዶ ሰውየው ጋ ያደርሰዋል። ነፋሱን ለማወቅ ብዙ አሰልጣኞች ትንሽ የዱቄት ጠርሙስ ይይዛሉ። በየጥቂት ደቂቃው ጨመቅ አድርገው ዱቄቱ ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ።

ሁሉም ውሾች አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ?

አይሠሩም። ይህን አለማወቅ በአደጋ ቦታ ብዙ ጊዜ ያባክናል።

ዱካ ተከታይ ውሻ የሚፈልገው አንድን የተለየ ሰው ነው። መጀመሪያ የዚያን ሰው ዕቃ ያሸታል፣ ከዚያ በኋላ የሌላውን ሁሉ ሽታ ትቶ የእሱን ይከተላል። አየር አሽታች ውሻ ግን በተመደበለት ክልል ውስጥ ያለን ማንኛውንም ሰው ይፈልጋል። የፍርስራሽ ውሻም የዚሁ ወገን ነው። ሕንፃ በፈረሰበት ቦታ ቤተሰብ የልጁን ሸሚዝ ይዞ ሲሮጥ ይታያል። ለዚህ ውሻ ሸሚዙ ምንም አይጨምርለትም፤ እሱ የሚፈልገው ከሥር ያለውን ሕያው ሰው ሁሉ ነው። ቤተሰቡ ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ መረጃ ሌላ ነው፤ ሰውየው በዚያ ሰዓት የት ክፍል ነበር፣ የሚተኛው በየትኛው በኩል ነው፣ ደረጃው የት ነበር የሚለው ነው።

ዱካ ተከታይ ውሻ ሲመጣ ደግሞ ዕቃው ወሳኝ ነው። ያልታጠበ፣ ገላ የነካ ልብስ ወይም የትራስ ልብስ ይመረጣል። ከቤተሰቡ ልብስ ጋር በአንድ ቅርጫት የከረመ አይሆንም። በንጹሕ ጓንት ተነሥቶ ንጹሕ ፕላስቲክ ውስጥ ይገባል። ከተቻለ አሰልጣኙ ራሱ ቢያነሣው ይሻላል። እናት ልብሱን አቅፋ ስታለቅስ ከቆየች የእሷም ሽታ አብሮ አለ። እንዲህ ሲሆን አሰልጣኙ እናቲቱ በአጠገቡ እንድትቆም ይጠይቃል፤ ውሻው ፊቱ ያለችውን ትቶ የሌለውን እንዲፈልግ የሰለጠነ ከሆነ ሥራው ይቀጥላል።

የበረዶ ናዳ ውሾች የሚሠሩት ከሰዓት ጋር ተሽቀዳድመው ነው፤ ናዳ የቀበረው ሰው የመትረፍ ዕድሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያሽቆለቁላልና። በሥራው ዘንድ የታወቀው ግምት አንድ ውሻ አንድ ሄክታር በረዶ በ30 ደቂቃ ገደማ ሲፈትሽ፣ 20 ሰዎች በረጅም ዘንግ እየወጉ ያንኑ ቦታ ለማዳረስ 4 ሰዓት ይፈጅባቸዋል የሚል ነው። አስከሬን ፈላጊ ውሾችም አሉ። ውሃ ላይ ከጀልባ ጫፍ ሆነው ከሥር የሚወጣውን ሽታ የሚያመለክቱም የዚህ ወገን ናቸው። አስከሬን ፈላጊው ሲያገኝ በአብዛኛው ዝም ብሎ ይቀመጣል ወይም ይተኛል፤ ማስረጃ እንዳያበላሽ መቧጨር አይፈቀድለትም።

ፍርስራሽ ላይ ፍለጋው እንዴት ይካሄዳል?

ውሻው ከመውጣቱ በፊት ብዙ ነገር ይደረጋል። መሐንዲስ ክምሩን ያያል፤ ኤሌክትሪክና ጋዝ መቋረጡ ይረጋገጣል። ክምሩ ላይ ያሉ ሰዎች በሙሉ ይወርዳሉ፤ ሽታቸውና ድምፃቸው ውሻውን ያደናግረዋል። የማሽን ሞተር ይጠፋል፤ ጭሱም ጩኸቱም እንቅፋት ነው።

ቀጥሎ አሰልጣኙ የውሻውን አንገት ማሰሪያና ደረት ማንገቻ ያወልቃል። በቴሌቪዥን ከምናየው በተቃራኒ ብዙ የፍርስራሽ ውሾች የሚሠሩት ራቁታቸውን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ከኮንክሪት የወጣ ብረት ማሰሪያውን ከያዘው ውሻው ሰው በማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ ሊታነቅ ይችላል። ጫማም በአብዛኛው አይደረግለትም። ውሻ በሚንሸራተት ሰሌዳ ላይ የሚቆመው ጣቶቹን ዘርግቶ በጥፍሩ ቆንጥጦ ነውና ጫማው ያን ይነሳዋል። መሬቱ የጋለ፣ የመስታወት ስብርባሪ የሞላበት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበት ከሆነ ብቻ ነገሩ ይለወጣል።

ውሻው ብቻውን ይወጣል። አሰልጣኙ ዳር ቆሞ በእጅ ምልክትና በአጭር ትእዛዝ ይመራዋል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከሠራ በኋላ ያርፋል፤ ሌላ ውሻ ይተካዋል። ሰው ሲያገኝ ሽታው እጅግ በጠነከረበት ነጥብ ላይ ቆሞ ያለማቋረጥ ይጮሃል። መጮህ የሚማረው አሰልጣኙ ከሩቅ፣ አንዳንዴም ሳያየው ስለሚያዳምጥ ነው። ሮጦ ተመልሶ ቢጠራው ነጥቡ ይጠፋል።

አሁን በጣም ከባዱ ክፍል ይመጣል። ውሻው የጮኸበት ቦታ ሰውየው ያለበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ጓዳ ውስጥ እሳት ቢነድ ጭሱ ምድጃው አናት ላይ ጣሪያ በስቶ አይወጣም፤ ክፍተት ፈልጎ በበር ስንጥቅ ወይም በጣሪያው ጠርዝ በኩል ነው የሚወጣው። የሰው ሽታም በፍርስራሽ ውስጥ እንዲሁ ያደርጋል። ተደራርቦ የወደቀ ጣሪያ ያግደዋል፣ የአሳንሰር ጉድጓድ ወደ ላይ ይስበዋል፣ የፈሰሰ ውሃ ወደ ታች ይዞት ይሄዳል። ፀሐይ ክምሩን ስታግለው ሽታው በፍጥነት ወደ ላይ ያመልጣል፤ ንጋት ላይና ሌሊት አየሩ ሲረጋ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ልምድ ያላቸው ቡድኖች ቀን ምንም ያልተገኘበትን ቦታ ጎህ ሲቀድ እንደገና የሚያስፈትሹት ለዚህ ነው።

ስለዚህ በአንድ ጩኸት ብቻ ቁፋሮ አይጀመርም። ነጥቡ ምልክት ይደረግበታል፣ ውሻው ይወርዳል። ሁለተኛ ውሻ ከሌላ አቅጣጫ ይላካል፤ የመጀመሪያውን ያላየ፣ አሰልጣኙም ነጥቡ የት እንደሆነ ያልተነገረው ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱ ከተስማሙ የድምፅ ማዳመጫ መሣሪያና በቀዳዳ የሚገባ ካሜራ ይከተላሉ። አንድ ንጣፍ ኮንክሪት ከተነሣ በኋላ ውሻው እንደገና ይጠየቃል፤ መንገዱ ስለተከፈተ ሽታው ይበልጥ ወደ ምንጩ ይጠጋል።

እዚህ ደረጃ ለመድረስ ምን ያህል ሥልጠና ይጠይቃል?

ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት። ምርጫው ከዝርያ ይልቅ በባሕርይ ነው። የጀርመን እረኛ፣ ላብራዶር፣ ጎልደን ሪትሪቨር፣ ማሊኗና ቦርደር ኮሊ በብዛት ይታያሉ፤ ክልስ ውሾችም አሉ። መራጩ የሚያየው ይህን ነው፦ ኳስ ረጅም ሣር ውስጥ ተወርውሮ ቢጠፋ ቡችላው ለምን ያህል ጊዜ ይፈልጋል? አንድ ጊዜ አሽትቶ የሚተው አይሆንም። ሰው ካልጠራው በቀር የማያቆመው ነው የሚፈለገው። ደግሞም ሰው ወዳድ፣ በድንገተኛ ድምፅ ደንግጦ የማይቀር መሆን አለበት።

ትምህርቱ ከጨዋታ ይጀምራል። አንድ ረዳት የውሻውን መጫወቻ እያሳየ ጥቂት ሜትር ሮጦ ይደበቃል። ውሻው ይለቀቃል፣ ያገኘዋል፣ መጫወቻውን ያገኛል። ቀስ በቀስ ርቀቱ ይጨምራል፤ ኋላም ረዳቱ ውሻው ሳያየው ይደበቃል። መጮህ ሲታከልበት ረዳቱ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ መጫወቻው የሚመጣው ለጩኸት ብቻ ነው። ቀጥሎ ረዳቱ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ይገባል። ውሻው ማየትም መንካትም አይችልም፤ በአፍንጫው ብቻ አምኖ መጮህ ይማራል። ትልቁ መሻገሪያ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ የሚወድቁ ውሾች ጥቂት አይደሉም። ጎን ለጎን መሰላል መውጣት፣ በሚወዛወዝ ሰሌዳ ላይ መራመድ፣ ጨለማ ቱቦ ውስጥ መግባት ይለማመዳሉ። ሁሉም ከዝቅተኛው ከፍታ ነው የሚጀመረው፤ አንድ ጊዜ ወድቆ የፈራ ውሻ ያን ፍርሃት ለማራገፍ ወራት ሊፈጅበት ይችላል።

በመጨረሻም ምግብ፣ ልብስና እንስሳ ክምሩ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ውሻው እንዲያልፋቸው። ማንም ያልተደበቀበት ባዶ ክምርም የሥልጠናው አካል ነው። ሁልጊዜ ሰው የሚያገኝ ውሻ ሰው በሌለበት ቦታ ዝም ማለትን አይማርም። ፈተናው ቢታለፍም ነገሩ አያልቅም፤ በአሜሪካው የአደጋ ጊዜ ኤጀንሲ በፌማ ሥርዓት ለምሳሌ ውሻውና አሰልጣኙ እንደ አንድ ጥንድ በየ3 ዓመቱ ዳግም ይፈተናሉ። ውሻው ለብቻው የምስክር ወረቀት አያገኝም።

የአሰልጣኙ ድርሻ ምንድን ነው?

ማንበብ ነው። ውሻ ከመጮሁ በፊት ብዙ ይናገራል። አፉን ከፍቶ እያለከለከ የሚሮጥ ውሻ በአንድ ርምጃ መሐል አፉን ግጥም ያደርጋል። አንገቱ ወደ ኋላ ይዞራል፣ አፍንጫው ይርገበገባል፣ የጅራቱ እንቅስቃሴ ይለወጣል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ከዚያ ሽታው ያመልጠውና ሩጫውን ይቀጥላል። ያላስተዋለ ሰው «ምንም አላገኘም» ብሎ ያልፋል፤ አሰልጣኙ ግን ያን ነጥብ ካርታው ላይ ያሰፍራል፣ ነፋሱ ከየት እንደነበረ ይጽፋል። በኋላም ከሌላ አቅጣጫ ይመለስበታል። ብዙ ሰው የተገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ ማስታወሻ ተነሥቶ ነው።

ከሁሉ የከበደው ቃሉ ደግሞ «እዚህ የለም» የሚለው ነው። አለ ብሎ ቢሳሳት ሰዓታት ይባክናሉ። የለም ብሎ ቢሳሳት ግን ቡድኑ ትቶ ወደ ሌላ ሕንፃ ይሄዳል። ስለዚህ ጥሩ አሰልጣኝ «ተፈትሿል» ብቻ ብሎ አይዘግብም። የትኛው ክፍል እንዳልተደረሰበት፣ ውሻው ደክሞ የነበረው መቼ እንደሆነ፣ ነፋሱ የትኛውን ጥግ እንደዘጋው ይናገራል። ይህን በግልጽ መናገር ድፍረት ይጠይቃል፤ አጠገቡ የቆመ ቤተሰብ ሲኖር ደግሞ የበለጠ።

በብዙ አገር እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የላቸውም። ሌላ ሥራ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የውሻውን ምግብ፣ ሕክምናና የጉዞ ወጪ በአብዛኛው የሚሸፍኑት ራሳቸው ናቸው። ካርታ ንባብ፣ የሬዲዮ አጠቃቀም፣ የሰውና የውሻ የመጀመሪያ ርዳታ፣ የፈረሰ ሕንፃ አደጋዎች፣ ሁሉንም ይማራሉ።

ስሕተት የሚፈጠረው የት ላይ ነው?

አንዱ ምንጭ ራሱ አሰልጣኙ ነው። በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ጥናት 18 ጥንዶች ተፈትነዋል፤ ውሾቹ ዕፅና ፈንጂ አነፍናፊ እንጂ ነፍስ አድን አልነበሩም። በክፍሎቹ ውስጥ ምንም የሚገኝ ሽታ አልነበረም፤ ሆኖም ለአሰልጣኞቹ ቀይ ወረቀት ያለበት ቦታ ላይ ሽታ እንዳለ ተነገራቸው። ከ200 በላይ የሐሰት «ሽታ አለ» ምልክቶች ተመዘገቡ፤ ወረቀቱ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ይበልጥ በዙ። ውሻ የጌታውን ፊት ያነባል። አሰልጣኙ ትንሽ ከቆመ፣ ትንፋሹን ከያዘ፣ ሁለቴ ወደ አንድ ቦታ ከተመለከተ ውሻው «እዚህ ነው የሚፈለገው» ብሎ ሊጮህ ይችላል። መድኃኒቱ ዓይነ ስውር ልምምድ ነው፤ ረዳቱ የት እንደተደበቀ አሰልጣኙም፣ በቦታው ያለ ማንም ሰው የማያውቅበት።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ እያለከለከ ደግሞ በደንብ ማሽተት አይችልም። ጤነኛ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን 41ን ሲያልፍ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ልፋቱ ከመታየቱ በፊት አፍንጫው ይደክማልና ዕረፍቱ በሰዓት እንጂ በውሻው ፍላጎት አይወሰንም፤ ፍላጎቱማ አያልቅም።

ተስፋ መቁረጥም አለ። ቀኑን ሙሉ ሕያው ሰው ያላገኘ ውሻ ጨዋታው ያለቀ ይመስለውና ይዳከማል። ብዙ ቡድኖች በመጨረሻ ላይ አንድ ባልደረባቸውን ደብቀው እንዲያገኘው ያደርጋሉ። ይህ ለስሜት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ነገ እንዲሠራ ነው።

ከሥራ በኋላ ውሻው ይታጠባል። ዓይኑ፣ አፉ፣ በጣቶቹ መሐል ያለው ቆዳ ይታያል። አቧራውን ካልታጠበ ራሱን ሲልስ ይውጠዋል። በ2001 የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ቦታ የሠሩትን ውሾች ለዓመታት የተከታተሉት የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ወደዚያ ካልተሰማሩ ተመሳሳይ ውሾች ብዙም የተለየ ሆኖ አላገኙትም፤ ብዙዎች ግን ተቃራኒውን ፈርተው ነበር።

እስካሁን እነማን ተከበሩ?

ከ1800 እስከ 1814 የኖረው ባሪ በአልፕስ ተራራ በታላቁ ሴንት በርናርድ መተላለፊያ ከ40 በላይ ሰዎችን እንዳዳነ ይነገርለታል፤ አካሉ በስዊዘርላንድ በርን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ተንጠልጥላ የምትሳለው የአረቄ በርሜል ግን በኋላ የመጣ የሠዓሊ ፈጠራ ናት።

ሪፕ የተባለው ክልስ ውሻ በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ የተገኘ ባለቤት አልባ ነበር። ማንም ሳያሰለጥነው ከ100 በላይ ሰዎች እንዲገኙ ረድቷል፤ በ1945 የዲኪን ሜዳሊያ ተሸለመ። ይህ ሜዳሊያ በ1943 በብሪታንያ የተመሠረተ፣ በግዳጅ ለጀገኑ እንስሳት ብቻ የሚሰጥ ነው። በ2002 ለኒው ዮርክ ፖሊሱ ውሻ ለአፖሎ የተሰጠው በዓለም ንግድ ማእከልና በፔንታጎን ለሠሩት ነፍስ አድን ውሾች ሁሉ ተብሎ ነው።

የሜክሲኮ ባሕር ኃይል ላብራዶር ፍሪዳ በ2017ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በመነጽሯና በጫማዋ ታወቀች። በሥራ ዘመኗ 12 ሰዎች በሕይወት፣ ከ40 በላይ ደግሞ አስከሬናቸው እንዲገኝ አድርጋለች። በ2019 ጡረታ ወጥታ በ2022 ሞተች። በፌብሩዋሪ 2023 ቱርክ ስትናወጥ ሜክሲኮ ውሾቿን ላከች፤ ከእነሱ አንዱ ፕሮቴዮ በግዳጅ ላይ ሞተ። የፍሪዳን 12 እና 40 ስንቆጥር አንድ ነገር አብሮ መታወቅ አለበት፤ አስከሬን ማግኘት ከቁም ነገር የማይገባ ውጤት አይደለም። የሚቀብረው ያገኘ ቤተሰብ መጠበቁን ያቆማል።

ማክበር የሚፈልግ ሰው ምን ማድረግ ይችላል?

በአደጋ ቦታ ላይ ከሆነ ውሻውን አይጥራ፣ አይዳብስ፣ ምግብ አይስጥ፤ የምግብ ትራፊም ክምሩ ላይ አይጣል። በዓለም አቀፍ የነፍስ አድን ቡድኖች ደንብ አንድ ረጅም፣ ሦስት ሰከንድ የሚቆይ የጡሩምባ ድምፅ ማለት ሥራ ይቁም፣ ጸጥታ ይሁን ማለት ነው። አንድ ረጅምና አንድ አጭር ሥራ ይቀጥል ነው። ተደጋጋሚ ሦስት አጫጭር ድምፅ ከሰማ ግን ወዲያው ከቦታው ይውጣ።

ከአደጋ ውጭ ደግሞ ቡድኖች ሁልጊዜ የሚያጥራቸው አንድ ነገር አለ፤ የሚደበቅ ሰው። ውሻ ሁልጊዜ የሚያገኘው ያንኑ አምስት ባልደረባ ከሆነ የእነሱን ሽታ ብቻ መፈለግ ይለምዳል። ሽማግሌ፣ ሴት፣ ወጣት፣ ወላጁ አብሮት ያለ ልጅ፣ ውሻው የማያውቀው ሁሉ ይጠቅማል። የሚደበቀው ሰው ወፍራም ልብስ ለብሶ፣ ሬዲዮ ይዞ፣ ቱቦ ወይም ሳጥን ውስጥ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ ይተኛል። አይንቀሳቀስም፣ አያወራም። ውሻው ደርሶ አንድ ጊዜ ሲጮህ አይመልስም፤ ጩኸቱ አሰልጣኙ ባዘዘው ልክ እስኪጸና ይጠብቃል። ከዚያ መጫወቻውን ሳይዘገይ ሰጥቶ ከልቡ ያጫውተዋል። ውሻው በሚቀጥለው ጊዜ ኮንክሪት ሥር ላለ እንግዳ ሰው የሚደክመው ያን ጨዋታ ፈልጎ ነው።